ከፋሬ እስከ አንጎለላ፦ የጥንት ተጓዦችን ማስታወሻ ይዞ መንገዱን መፈለግ

ዘተጉለት ጻፈ፦

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847) ወደ ሸዋ የገቡ ፈረንጆች የጻፉትን የጉዞ ማስታወሻ ይዞ መንገዳቸውን ዛሬ ባለው መሬት ላይ መፈለግ ይቻላል ወይ? ትኩረቴ ከፋሬ ተነስቶ በአልዩ አምባ አንኮበር የሚወጣው፣ ከዚያም በደብረ ብርሃን አድርጎ አንጎለላ የሚደርሰው መንገድ ነው። የያዝኳቸው ጽሑፎች የክራፕፍና የኢዘንበርግ (1839)፣ የሮሼ ዴሪኩር (1839 እና 1842)፣ የእንግሊዙ ልዑክ መሪ የሃሪስ (1841) እና የሐኪሙ የጆንስተን (1842) ናቸው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የጻፍኩት፤ እናንተም በዚያው ብትቀጥሉ እንግባባለን።

የሚያስቸግሩት ነገሮች ሦስት ናቸው። የቦታ ስሙን እያንዳንዱ በራሱ ጆሮ ይጽፈዋል። ርቀቱ አንዴ በሰዓት፣ አንዴ በማይል፣ አንዴ በቀን ይነገራል። ቀኑ ደግሞ ከእኛ በዓላት ጋር አልገጥም ይላል። ከእነዚህ ሰዎች ማንኛውን አምኜ ልነሳ?

አይራራ ጻፈ፦

ወንድሜ ዘተጉለት፣ ማንኛውን ሰው ከማለትህ በፊት የትኛውን ዓረፍተ ነገር ብለህ ጠይቅ። አንድ ተጓዥ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓይነት ነገር ይጽፋል፤ በዓይኑ ያየውን፣ ከሰው የሰማውን፣ ከሌላ መጽሐፍ ያነበበውን። ሦስቱን በአንድ ቀለም ስለሚጽፋቸው መለየቱ የአንባቢው ሥራ ነው። ገጹን ኮፒ አድርግና ሦስት ቀለም እርሳስ ያዝ። ያየውን በአረንጓዴ፣ የሰማውን በቢጫ፣ ያነበበውን በቀይ አስምርበት።

ሃሪስ ስለ አንኮበር የጻፈውን ውሰድ። ዳገቱ፣ በኮረብታው ላይ የተደረደሩት የሣር ቤቶች፣ ቤተ መንግሥቱን የከበበው የእንጨት አጥር አረንጓዴ ነው። ስሟ የመጣው አንኮ ከምትባል ሴት፣ «የአንኮ በር» ከሚለው ነው ሲል ቢጫ ነው። ወደ ንግሥተ ሳባ ሲሻገር ቀይ ነው። መሬቱ የሚመሰክረው ለአረንጓዴው ብቻ ነው። ቢጫው የሚመዘነው በአገሬው አፈ ታሪክ ነው። ቀዩን ለመንገድ ፍለጋ ተወው።

ሁለተኛው ነገር መቼ ተጻፈ የሚለው ነው። የክራፕፍና የኢዘንበርግ የዕለት ማስታወሻ በ1843 ታተመ፤ በየማታው ከተጻፈው ብዙም ሳይርቅ ማለት ነው። ክራፕፍ በኋላ፣ ምሥራቅ አፍሪካን ብዙ ዓመት ዞሮ ካበቃ በኋላ ያሳተመው ሌላ ሥራ አለ። ለመንገድ የመጀመሪያውን ያዝ፤ ሁለተኛው ሰውየው ነገሩን በኋላ እንዴት እንዳሰበው ይነግርሃል እንጂ የት እንዳደረ አይነግርህም። አባ ማስያስ የምንላቸው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጉልዬልሞ ማሳያም እንዲሁ ናቸው። ሸዋ የገቡት በ1868፣ የወጡት በ1879፣ ባለ 12 ቅጹ ማስታወሻቸው መታተም የጀመረው ግን በ1885 ነው። የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ጠባይ ለማወቅ ወርቅ ነው፤ የቀን ቁጥር ለማውጣት አይሆንም።

ቆላ_ወረድ ጻፈ፦

ስለ ርቀቱ እኔ ልመልስ። ከባሕሩ ጀምረህ አስበው። መንገዱ ከታጁራ ይነሳል፣ በአሳል ሐይቅ በኩል የአፋርን ሜዳ ያቋርጣል፣ አዋሽን ይሻገራል፣ ፋሬ ይደርሳል። እስከ ፋሬ ድረስ ጭነቱ በግመል ነው። ከፋሬ በኋላ ግመል የለም። የግመል ሰኮና ለአሸዋ የተሠራ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ እርጥብ ድንጋይና ጭቃ ባለበት ዳገት ይንሸራተታል፣ እግሩ ከተከፈተ ደግሞ አይነሳም። ስለዚህ ፋሬ ላይ ጭነቱ ይወርዳል፣ ተፈትቶ እንደገና ይታሰራል፣ በአህያ፣ በበቅሎና በሸካሚ ይወጣል።

ይህ ለአንባቢ ትልቅ ነገር ነው፤ ከፋሬ በፊት «አንድ ሰዓት» ሲሉ የግመል ሰዓት ነው፣ ከፋሬ በኋላ የበቅሎ ወይም የእግር ሰዓት ነው። የተጫነ ግመል በሰዓት ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አምስት ሰዓት ተጓዝን ካሉ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ያዝ። በሜዳው ላይ ለመንገዱ መጠማዘዝ ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛ ቀንስና ካርታው ላይ በቀጥታ አስቀምጠው። በዳገቱ ላይ ግን ግማሹን ቀንስ። ከአልዩ አምባ አንኮበር በካርታ ላይ ሲታይ ቅርብ ነው፤ እግር የሚሄደው መንገድ ግን በየሸንተረሩ እየተጠማዘዘ ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወጣል። ቁልቁል ሦስት ሰዓት የሚወስድ ሰው አቀበቱን በዚያው ሰዓት አይጨርሰውም። ስለዚህ «ከአንኮበር ወረድን» እና «ወደ አንኮበር ወጣን» የሚሉትን ሰዓቶች እኩል አድርገህ እንዳትቆጥር።

ሌላው የሚያሳስተው የኬላው ነገር ነው። ፋሬ የሸዋ መግቢያ በር ነበረች። የአካባቢው ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበር፤ የጎንቾ እስር ቤት ጠባቂም እሱ ነው። እንግዳ የንጉሡ ፈቃድ ሳይመጣለት ከዚያ አያልፍም። ማስታወሻው ላይ በፋሬና በአንኮበር መካከል ብዙ ቀን ካየህ መንገዱ ረጅም ሆኖ አይደለም፤ መልእክተኛ ሄዶ እስኪመለስ ነው። የማደሪያ ቀንና የመንገድ ቀን ለየብቻ በሁለት ዓምድ ጻፋቸው። ካልተለዩ ካርታው ይበላሻል።

መንዜዋ ጻፈች፦

አመሰግናለሁ፣ ጥሩ ማብራሪያ ነው። አልዩ አምባስ በዚያ ዘመን ምን ትመስል ነበር? ከአራቱ ማን ነው በደንብ የጻፈላት?

ቆላ_ወረድ ጻፈ፦

ጆንስተን ነው እህቴ። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ሌሎቹ አልፈዋት ሄዱ፣ እሱ ግን በንዳድ ታሞ እዚያው ተቀመጠ። የተቀመጠ ሰው ቤት እንዴት እንደሚሠራ፣ እንጀራ እንዴት እንደሚጋገር፣ ገበያው እንዴት እንደሚቆም ያያል። የአርብ ገበያዋ የሐረር፣ የአፋርና የአርጎባ ነጋዴ የሚገናኝበት ነበር። ቡና፣ ጨው፣ የጥጥ ልብስ ይሸጥ ነበር፤ ባሪያም ይሸጥ ነበር፣ ይህን ሳይሸሽጉ ጽፈውታል።

ዋጋ ስታነቢ አንድ ነገር ልብ በይ። በገበያው የሚሠራው በማርትሬዛ ብርና በአሞሌ ነው። ማርትሬዛው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። በ1840ዎቹ አንኮበር ላይ አንድ ብር ወደ 20 አሞሌ ይመነዘር ነበር፤ ግን ምንዛሬው እንደ ወቅቱና እንደ ቦታው ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ በተለያየ ወር የተጻፈ ዋጋ ስታነጻጽሪ መጀመሪያ ጸሐፊው በዚያው ወር የሰጠውን ምንዛሬ ፈልጊ። ከአሳል የሚመጣው ጨው ደግሞ አሞሌ አይደለም። እሱ ከሐይቁ ዳር የሚዛቅ ልቅ ጨው ነው፤ ተቆርጦ የተጠረበው አሞሌ የሚመጣው በሰሜን በኩል ካለው ከአፋር ጨው ሜዳ ነው። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚጽፉ ስላሉ ነው።

ባሕረ_ሐሳብ ጻፈ፦

ወደ ቀኑ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚስትበት ቦታ ይህ ነው፤ ስህተቱም ሁልጊዜ አንድ ቀን ነው።

ዛሬ መስከረም 1 የሚውለው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ሲሆን 12። ይህ ልክ የሚሆነው ከ1900 ወዲህ ብቻ ነው። በፈረንጆቹ ሕግ በመቶ የሚጨርስ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪ 29 አይኖረውም። 1900 አልነበረውም። እኛ ደግሞ በየአራት ዓመቱ ሳናቋርጥ ስለምንጨምር በመካከላችን ያለው ልዩነት አንድ ቀን ሰፋ። ስለዚህ በ1800ዎቹ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 10 (ወይም 11) ነበር።

ማስረጃው ሁላችሁም የምታውቁት ነው። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ፈረንጁ ማርች 1 ቀን 1896 አለው። ዛሬ ግን በዓሉ የሚከበረው ማርች 2 ነው። የካቲት 23 አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀሰው መለወጫው ነው።

አሁን በሸዋው ላይ እንሞክረው። ሃሪስ ከሣህለ ሥላሴ ጋር ውሉን አንጎለላ ላይ የተፈራረመው ኖቬምበር 16 ቀን 1841 ነው። በስልክ ላይ ባለ ተራ መለወጫ ብታሰላው ኅዳር 7 ሊልህ ይችላል። ትክክለኛው ኅዳር 8 ቀን 1834 ዓ.ም. ነው። አንድ ቀን ምን ያደርጋል አትበል፤ ኅዳር 7 ጊዮርጊስ ነው፣ ኅዳር 8 አርባዕቱ እንስሳ ነው። ማስታወሻው ላይ «ዛሬ በዓል ስለነበር ሸካሚ አላገኘንም» የሚል ነገር ስታገኝ የትኛው በዓል እንደሆነ የምታውቀው በዚህ ብቻ ነው። ጥምቀትም በዚያ ዘመን የሚውለው ጃንዋሪ 18 ወይም 19 ነበር።

ከ1582 በፊት ለመጡት ደግሞ ሌላ ስሌት ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520 ምጽዋ ወርዶ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር ሲያይ አገሩ የሚጠቀመው በጁልየስ አቆጣጠር ነበር። በዚያ አቆጣጠር መስከረም 1 ኦገስት 29 ወይም 30 ላይ ነው የሚውለው።

ዘተጉለት ጻፈ፦

ባሕረ_ሐሳብ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሳይገጥሙ የቀሩት በዓላት ሁሉ በአንድ ቀን ነበር የሚስቱት፤ አሁን ገባኝ።

ፊደል_ቆጣሪ ጻፈ፦

የስሙን ነገር አጠር አድርጌ። መጀመሪያ የጸሐፊውን አገር እወቅ፣ ከዚያ በራሱ ቋንቋ ድምፅ አንብበው እንጂ በእንግሊዝኛ አታንብበው። ሲ እና ኤች አንድ ላይ ሲመጡ በፈረንሳይኛ «ሽ»፣ በእንግሊዝኛ «ች»፣ በጣሊያንኛ «ክ» ናቸው። የሮሼን «ቾአ» የሚያነብ ሰው ተሳስቷል፤ ሮሼ የጻፈው ሸዋን ነው። በጣሊያንኛ ሲ ብቻዋን ከኢ ወይም ከኤ በፊት ስትመጣ «ች» ትሆናለች፣ ጂ እና ኤች ተያይዘው «ግ» ናቸው፣ ኤስ እና ሲ ከኢ በፊት «ሽ» ናቸው። እንግሊዞቹ ሁለት ኦ ሲደረድሩ «ኡ»፣ ሁለት ኢ ሲደረድሩ «ኢ» ማለታቸው ነው።

ማንኛቸውም የማይጽፉት ድምፅ ግን አለ። ቀ እና ከ፣ ጠ እና ተ፣ ጨ እና ቸ፣ ጸ እና ሰ በአብዛኞቹ እጅ አንድ ናቸው። ሁለት እንዲህ ያለ ፊደል ያለበት ስም ስታገኝ አራት ዓይነት ንባብ ጻፍና አራቱንም ለአገሬው ሰው አንብብ። ክራፕፍ ቋንቋ አጥኚ ስለነበረ ከሌሎቹ ይሻላል፤ በተቻለ መጠን ስሙን ከእሱ ጀምር።

ጣርማ ጻፈ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሃሪስን ይህን ያህል የምታነሱት ለምንድን ነው? ሦስት ቅጽ ሙሉ ቃል ያንዛዛል፣ ሕዝባችንን በንቀት ነው የሚያየው። እንዲህ ያለ ሰው ምስክር ይሆናል?

አይራራ ጻፈ፦

ጣርማ፣ ንቀቱ እውነት ነው፣ ማንም ሊያስተባብለው አይገባም። ቃል ማብዛቱን በዘመኑ የነበሩ የራሱ አገር ሰዎችም ነቅፈውታል። ግን የሃሪስ መጽሐፍ የአንድ ሰው ዓይን ብቻ አይደለም። ከቦምቤይ ሲነሳ ሐኪሙ ኪርክ፣ የተፈጥሮ ተመራማሪው ሮት፣ ሠዓሊው በርናትስ፣ ካፒቴን ግራሃም አብረውት ነበሩ። ክራፕፍም ሸዋ ውስጥ አስተርጓሚ ሆኗቸዋል። ልዑኩ የለካቸው ቁጥሮች፣ የዘረዘራቸው ዕፅዋት፣ የሣላቸው ሥዕሎች ከሃሪስ አንደበት ተለይተው ይቆማሉ።

ደግሞ ጆንስተን በተከታዩ ዓመት ያንኑ መንገድ ሄዷል፣ ከሃሪስ ጋርም አይዋደዱም፣ በመጽሐፉም ይተቸዋል። የማይዋደዱ ሁለት ሰዎች አንድ ወንዝ በአንድ ቦታ ካስቀመጡ፣ ያ ወንዝ እዚያ ነው። ሁለት ወዳጆች ቢስማሙ ግን አንዱ ከሌላው ገልብጦ ሊሆን ይችላል። የጸሐፊዎቹን ጠብ እንደ መሣሪያ ተጠቀምበት።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ አሳል አካባቢ ከልዑኩ ሦስት ሰዎች በሌሊት ተገድለዋል። ከዚያ በኋላ ሃሪስ ስለ ቆላው ሰው የሚጽፈው ሁሉ በፍርሃት የተጻፈ ነው። እዚያ ላይ ጆንስተንን አስቀድም፤ እሱ ከሲራራው ጋር ተቀላቅሎ ነው የሄደው።

ልክ_በልክ ጻፈ፦

ልዑኩ የለካቸው ቁጥሮች ስለተባለ ጨመር ላድርግ። እነዚህ ሰዎች ከፍታን የሚለኩት እንዴት እንደሆነ ካላወቅን ቁጥሩን ማመንም አለማመንም አንችልም።

ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ የባዚቃ (የሜርኩሪ) ባሮሜትር፣ ማለትም የአየር ግፊት መለኪያ ነው። ከባሕር ወለል ላይ 76 ሴንቲ ሜትር የሚቆመው ባዚቃ አንኮበር ላይ ወደ 56 ይወርዳል። ችግሩ ቱቦው አንድ ሜትር የሚጠጋ መስታወት መሆኑ ነው። ግመል ተንበርክኮ በተነሳ ቁጥር ባዚቃው ቱቦውን ከውስጥ ይመታዋል፤ ብዙዎቹ ሳይደርሱ ይሰበራሉ። ካልተሰበረም አየር ሾልኮ ከላይ ይገባና ንባቡን ዝቅ ያደርገዋል፤ ያኔ ቦታው ከእውነተኛው በላይ ከፍ ያለ ይመስላል።

ሁለተኛው ውሃ ማፍላት ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። አንኮበር ላይ 92 ላይ ገደማ ይፈላል፣ ደብረ ብርሃን ላይ 90 ተኩል ገደማ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ንጹህ ውሃ በጠባብ ዕቃ ታፈላለህ፣ ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ ሳትነክር እንፋሎቱ ላይ ብቻ ታቆመዋለህ፣ መስመሩ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ጥቂት ደቂቃ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ታነባለህ። ውሃው ውስጥ ከነከርከው የሟሟው ጨውና ከታች የሚመጣው ትኩሳት ንባቡን ከፍ ያደርገዋል፣ ቦታውም ዝቅ ያለ ይመስላል። የአሥረኛ ዲግሪ ስህተት 30 ሜትር ነው። በዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በቀን ውስጥ ራሱ ስለሚወጣና ስለሚወርድ አንድ ጊዜ ብቻ የተለካን ቁጥር አትመን፤ ብዙ ቀን ደጋግመው የለኩትን ያዝ።

እንግዲህ ሃሪስ ለአንኮበር የሰጠው 8,198 ጫማ ነው፤ ወደ 2,499 ሜትር ይሆናል። ዛሬ ለከተማዋ የሚሰጠው 2,465 ሜትር ነው። ልዩነቱ 34 ሜትር፣ ያም የቴርሞሜትሩ አሥረኛ ዲግሪ ነው። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ከከተማው ከፍ ስለሚል ልዩነቱ ከዚያም ሊጠብብ ይችላል። በንቀት ይጽፋል የተባለው ሰው ልኬቱ ላይ እንዲህ ነው። አሳልን 570 ጫማ ከባሕር በታች ብሎታል፣ ወደ 174 ሜትር፤ ዛሬ 155 ሜትር ገደማ ነው የሚባለው።

ኬክሮስና ኬንትሮስን በተመለከተ፦ ኬክሮሱን እመነው፣ ኬንትሮሱን ጠርጥረው። ኬክሮስ በሴክስታንት፣ የፀሐይንና የኮከብን ከፍታ በማዕዘን በሚለካ መሣሪያ፣ ይለካል፤ የአንድ ደቂቃ ስህተት ከ2 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ኬንትሮስ ግን በሰዓት ነው። ከባሕር ዳር ይዘው የመጡት ክሮኖሜትር (ትክክለኛ የጉዞ ሰዓት) በበቅሎ ጀርባ ላይ ሲንገጫገጭ ከርሞ አንድ ደቂቃ ቢዘገይ፣ አንኮበር በካርታቸው ላይ 27 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ትሸሻለች። የድሮ ካርታ ላይ የሸዋ ከተሞች ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ተገፍተው የምታዩት ለዚህ ነው።

መንዜዋ ጻፈች፦

በሴክስታንት የሚለኩት ፀሐይን ነው አይደል? አንኮበር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን እንዴት ያደርጉ ነበር?

ልክ_በልክ ጻፈ፦

ቁም ነገሩን ነው የጠየቅሽው። ባሕር ላይ ሲሆን አድማሱ ይታያል። ተራራ ላይ አድማስ ስለሌለ ባዚቃ በሳህን ላይ ያፈሱና በሰማይ ባለችው ፀሐይና በባዚቃው ውስጥ በምትታየው ፀሐይ መካከል ያለውን ማዕዘን ይለካሉ። የሚገኘው ማዕዘን የከፍታዋ እጥፍ ነው። ሴክስታንቱ ደግሞ ከ120 ወይም 130 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። አንኮበር 9 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ ሰሜን ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይዋ ለመለካት የምትመቸው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። በሌላው ወር እጥፉ ከመሣሪያው አቅም በላይ ይሆናል። ያኔ ሌሊት ወጥተው ኮከብ ይለካሉ። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ኮከብም አይገኝም፤ በሐምሌና በነሐሴ የተጻፈ ኬክሮስ ካገኘሽ በስንተኛው ቀን እንደተለካ ፈልጊ።

ወፍ_ዋሻ ጻፈ፦

ሁላችሁም ስለ መጽሐፍ ነው ያወራችሁት። ከመጽሐፍ የበለጠ ትክክለኛ የዓይን ምስክር አለ፤ የናሙና መለያ ወረቀት። አውራ ጣት የምታህል ወረቀት በወፍ እግር ላይ በክር ታስራ ቦታው፣ ቀኑ፣ ጾታው፣ የሰብሳቢው ስም ይጻፍባታል። ማንም እሷ ላይ ቃል አያበዛም።

ይህን በሰፊው የሠሩት ጣሊያኖቹ ናቸው። ማርኬዝ አንቲኖሪ በ1876 የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበርን ቡድን ይዞ ወደ ሸዋ መጣ፤ ምኒልክም ከአንኮበር ወደ ሰሜን ያለውን ሌት ማረፊያን ሰጡት። ሰውየው ቀኝ እጁን በአደን ላይ በደረሰ አደጋ ተጎድቶም ወፍ መገነዙን አልተወም። ኦገስት 26 ቀን 1882 (በባሕረ_ሐሳብ ስሌት ነሐሴ 21 ቀን 1874 ዓ.ም.) እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ከእሱ በኋላ ሐኪሞቹ ትራቬርሲና ራጋዚ ሥራውን ቀጠሉ። ከባልደረቦቹ መካከል ቺያሪኒ ወደ ደቡብ ወርዶ ጌራ ላይ በእስር ሞተ፤ አብሮት የነበረው ቼኪ ተፈቶ ተመለሰ።

የወረቀቷን ጥቅም የሚያሳይ ምሳሌ፦ ራጋዚ በ1880ዎቹ ከአንኮበር በታች ካለው ደረቅ ቆላ ጥቂት ትናንሽ ወፎች ሰበሰበ፤ ጉሮሯቸው ቢጫ ነው። የወፍ ተመራማሪው ሳልቫዶሪ በ1888 ስም አወጣላቸው። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ሕያው ሆኖ ያየው ስላልነበረ «ድቅል ይሆናል» እየተባለ ተተወ። በ1989 ግን በዚያው ቆላ ተገኘ። የቦታውን ስም ጠብቆ ያቆየው ወረቀቱ ነው። ለመንገድ ፈላጊም እንዲሁ ነው፤ ቡድኑ በየትኛው ቀን የት እንደነበር ከመጽሐፉ ይልቅ ከወፎቹ እግር ላይ ታገኘዋለህ።

አይራራ ጻፈ፦

ወፍ_ዋሻ ስለ ናሙና እንዳለው ስለ ሥዕልም ልበል። የበርናትስ ሥዕሎች በ1852 ታትመዋል። ሥዕሉ የተሣለበትን ቦታ ለማግኘት ቤቶቹን አትመልከት፤ ቤት ይፈርሳል። የተራራውን ጠርዝ ተመልከት። በሥዕሉ ላይ ቅርቡ ጉብታ የሩቁን ጫፍ የሚሸፍንበትን አንድ ነጥብ ምረጥ። መሬቱ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየሄድክ ሁለቱ እንደ ሥዕሉ የሚደራረቡበትን መስመር ፈልግ። ከዚያ ሌላ ጥንድ ጫፍ መርጠህ ሁለተኛ መስመር አውጣ። ሁለቱ መስመሮች የሚቆራረጡበት ቦታ ሠዓሊው የቆመበት ነው።

የሚያሳስት ነገር ሁለት ነው። ሠዓሊ ተራራን ወደ ላይ መሳብ ይወዳል፤ ስለዚህ የከፍታውን ቁጥር ከሥዕል አታውጣ፣ መደራረቡን ብቻ ተጠቀም። ሌላው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ነው የመጣው፤ በ1841 ኮረብታው ላይ የነበረው ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ነው። ዛሬ ጠርዙን የሚሸፍንብህን ባሕር ዛፍ በሐሳብህ ቁረጠውና እይ። ጊዜውን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ጥር ሂድ። ከየካቲት በኋላ በበልጉ ዝናብ ጉሙ ከቆላው ይነሳና እኩለ ቀን ሳይደርስ ሸለቆውን ይሞላዋል።

ጣርማ ጻፈ፦

ስለ ሃሪስ የተሰጠኝን መልስ ተቀብያለሁ፣ በተለይ ስለ ቁጥሮቹ። ራምቦስ? ባለቅኔው ፈረንሳዊ። እሱም በአንኮበር አልፏል ይባላል።

ቆላ_ወረድ ጻፈ፦

አልፏል። ወደ 2,000 ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ተነስቶ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ገባ። ምኒልክ በጊዜው የሐረር ዘመቻ ላይ ስለነበሩ እንጦጦ ሄዶ ነው የሸጠላቸው። መጽሐፍ አልጻፈም፤ ያለው ደብዳቤ ነው። ለአንተ የሚጠቅምህ ሌላው ነው፤ በግንቦት ገደማ ከእንጦጦ ወደ ሐረር ሲመለስ ቦሬሊ የሚባል ፈረንሳዊ አብሮት ነበር። ቦሬሊ የዕለት ማስታወሻ ጽፏል፣ ራምቦ ደግሞ የየማደሪያውን ዝርዝር በደብዳቤ አስፍሯል። አንድ መንገድ፣ አንድ ጉዞ፣ ሁለት ብዕር። ዘዴውን ለመለማመድ ከዚህ የተሻለ አታገኝም፣ መንገዱ ሌላ ቢሆንም።

መንዜዋ ጻፈች፦

የአገር ሽማግሌ ስለመጠየቅ ማንም አላነሳም፣ እኔ ልጨምር። ስሙን ቀድማችሁ አትናገሩ። «ይህ ቦታ እንዲህ ይባል ነበር አይደል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሰው እንግዳ ላለማሳፈር «አዎ» ይላል፤ ይህ የአገራችን ጨዋነት ነው፣ ማስረጃ ግን አይሆንም። «ከመኪናው መንገድ በፊት ጭነት የሚወጣው በየት በኩል ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ። ቀጥላችሁ «በቅሎ የሚያርፈው የት ነበር? ውሃ የሚጠጣው የት ነበር?» በሉ። ምንጭና ዋርካ ቦታ አይለቁም፤ የጥንቱ ሲራራ የሚያርፈው ደግሞ ውሃና ጥላ ባለበት ነው። ለሁለተኛ ሰው ለብቻው፣ በሌላ ቀን ያንኑ ጠይቁ። አርጎቦቹ ዘንድ ስትወርዱ ሸማኔዎቹንና የድሮ ነጋዴ ቤተሰቦችን ጠይቁ፤ መንገዱ የእነሱ እንጀራ ነበር።

ዘተጉለት ጻፈ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሰንጠረዥ እጀምራለሁ፦ ቀን (በ1800ዎቹ ስሌት)፣ ማደሪያ ወይስ መንገድ፣ የተጻፈው ስም፣ አራቱ ንባብ፣ ሰዓት፣ የተቀነሰ ርቀት፣ ያየው ወይስ የሰማው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄዱ ስም ሳይጠቅሱ «ትንሽ ወንዝ ተሻገርን» የሚሉባቸው ቦታዎች በዝተዋል። እንዴት ነው የምለያቸው?

ቆላ_ወረድ ጻፈ፦

ውሃው ወዴት እንደሚፈስ የጻፉበትን ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ ይጽፉታል። አንኮበር በሁለት ተፋሰስ መካከል ባለው ጠርዝ ሥር ናት። የአይራራ ወንዝና ሌሎቹ ጎረቤት ወንዞች ወደ ምሥራቅ ወርደው አዋሽ ይገባሉ። ጠርዙን ካለፍክ በኋላ ያሉት የበሬሳና የጫጫ ወንዞች ግን ወደ ጀማ፣ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳሉ። ፊቱን ወደ ምዕራብ አድርጎ የሚሄድ ተጓዥ ውሃው ወደ ኋላው እየፈሰሰ ከተሻገረው ገና ከጠርዙ በታች ነው። ወደ ፊቱ ወይም ወደ ቀኙ እየፈሰሰ ከተሻገረው ጠርዙን አልፏል። ከጠርዙ በኋላ መጀመሪያ የሚያገኘው ትልቅ ውሃ የበሬሳ ወገን ነው፤ ገደል የጠረበ ወንዝና ፏፏቴ ሲጽፍ ወደ አንጎለላ በኩል ጫጫ ደርሷል። በክረምት የተጻፈ ከሆነ ግን ተጠንቀቅ፤ በሐምሌ ደጋው ላይ ያለ ቦይ ሁሉ ወንዝ ይሆናል፣ ያንኑ ቦይ በታኅሣሥ ሄደህ ብትፈልገው ሣር የበቀለበት ረግረግ ብቻ ነው የምታገኘው።